የአሽቀሎን አጽሞችና የእኛ ዝምታ



ባለፈው ሰሞን በከተማችን በአንድ ሙዓዶን ተሰብስበን ስንወያይ የጥንት መቃብሮች ነገር ተነሣ። አንድ ወጣት ብድግ ብሎ «የፍልስጥኤማውያን አጥንት እኛን ምን አገባን? እኛ የማሽካንታ ዕዳና የልጆች ትምህርት አለብን» አለ። ቀጥለው አንድ ሽማግሌ አባታችን «አጽም አይነካም። የተቀበረ ተቀብሯል፤ ተዉት» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ። እኔም ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው መናገር ሲገባኝ ስላልተናገርኩ ነው። ለወጣቱም ለአባታችንም ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም ከመሬት የወጣን አጽም ማን እንደነበረ ሳይጠይቁ ቶሎ ብሎ መልሶ መቅበር ክብር አይደለም፤ ይህንንም በዚህ አገር ከማንም በፊት መናገር የሚገባን እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን መሬት እንወቅ። አሽቀሎን ከነዓናውያን፣ ፍልስጥኤማውያን፣ ሮማውያን፣ ቢዛንታይኖች፣ እስላሞችና የመስቀል ጦረኞች እየተፈራረቁ የኖሩባትና የሞቱባት ከተማ ናት። ለቤት መሠረት፣ ለመንገድ ወይም ለቧንቧ የሚቆፍር ሰው ከሙታን ጋር ቢገናኝ አይገርምም። ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት ሰፈር ስሙ ሺምሾን ነው። ሶምሶን ደግሞ በመጽሐፈ መሳፍንት ወደዚችው ከተማ ወርዶ 30 ሰዎች ገድሎ ልብሳቸውን እንደገፈፈ ተጽፏል። ገዳዩ ሰፈር ተሰየመለት፤ ሠላሳውን ማን ቀበራቸው ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

በባሕሩ ዳርቻ፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው ስፍራ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሎውረንስ ስቴገር የጀመሩት የሌዎን ሌቪ ቁፋሮ ከ1985 እስከ 2016 ቆይቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የመጀመሪያዎቹ ወገኖቻችን ገና ከመርከዝ ቅሊጣ ወጥተው ቤት በሚፈልጉበት ዘመን፣ ቆፋሪዎቹ ከአንድ የሮማውያን ዘመን መታጠቢያ ቤት ሥር ባለ የፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ ሕፃናት አጥንት አገኙ። መቃብር አልነበራቸውም። ከሸክላ ስባሪና ከከብት አጥንት ጋር ተጥለው ነበር።

የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓትሪሺያ ስሚዝና ጊላ ካሂላ አጥንቱን ለኩ፤ ጥርሱን አዩ። ሕፃን ሲወለድ በድድ ውስጥ ባለው ጥርሱ ላይ ቀጭን የልደት መስመር ይቀረጻል፤ መስመሩ ከሌለ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ብዙም አልኖረም ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ በተወለዱ ሰሞን የሞቱ ሆነው ተገኙ። ወረርሽኝ ቢሆን የስድስት ወር፣ የዓመት፣ የሦስት ዓመት ልጅም ይገኝ ነበር። ስለዚህ ሆን ተብሎ ተገድለዋል የሚለው ድምዳሜያቸው በ1992 ታተመ። በ1997 ደግሞ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ተደረገ። ከ43 የግራ ጭን አጥንቶች መልስ የሰጡት 19 ብቻ ሲሆኑ፣ 14ቱ ወንዶች፣ 5ቱ ሴቶች ሆኑ። በሮማውያን ዘመን ይጣሉ የነበሩት በብዛት ሴቶች ልጆች ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ውጤቱ ብዙዎችን አስገርሟል። ስቴገር መታጠቢያ ቤቱ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ሳይሆን አልቀረም፣ ሴቶቹን እያሳደጉ ወንዶቹን ይጥሉ ነበር የሚል ግምት ሰጥተዋል። ግምት ነው፤ የማይስማሙም አሉ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ስም አልወጣላቸውም፤ ያለቀሰላቸው ይኑር አይኑር አይታወቅም። ከ1,500 ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ እነርሱ የመሰከረው ያ ጥርስና ያ የጭን አጥንት ብቻ ነው። ከቁፋሮው እስከ ዲ ኤን ኤው ውጤት ደግሞ ወደ አሥር ዓመት አልፏል። አጥንቱ በሳምንቱ ተጠቅልሎ ቢቀበር ኖሮ ምስክሩም አብሮ ይቀበር ነበር።

ሕጉ ግን ዛሬ በዚያው መንገድ የሚሄድ ነው። የ1978ቱ የቅርስ ሕግ (ሖቅ ሃዐቲቆት) ሸክላን፣ ሳንቲምን፣ ግንብን ይጠብቃል። በ1994 የመንግሥት የሕግ አማካሪ የሰው አጥንት «ዐቲቆት» አይደለም፣ እንደተገኘ ለሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር ተሰጥቶ ይቀበር የሚል ውሳኔ ሰጠ። ልብ በሉ፤ ከሟቹ ጋር የተቀበረችው ጽዋ ቅርስ ናት፣ ቁጥር ተሰጥቷት በሙዚየም ትቀመጣለች። የጽዋዋ ባለቤት ግን ቅርስም አይደለም፣ ታሪክም የለውም፣ በከረጢት ገብቶ ይሄዳል። ይህ ለሙታን ከማሰብ የመጣ ነው የሚለኝ ካለ አላምነውም። ከሐረዲም ጋር ላለመጣላት የተመረጠ አቋራጭ መንገድ ነው።

አቋራጩም ሌላ ጠማማነት ወልዷል። በ2013 እዚሁ አሽቀሎን የፍልስጥኤማውያን መካነ መቃብር ተገኘ። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ከ150 በላይ ሰዎች አጽም ወጣበት። ቁፋሮው በተቃውሞ እንዳይቋረጥ ተብሎ ለሦስት ዓመት ሙሉ ተደብቆ ቆየ፤ ዓለም የሰማው በጁላይ 2016 ነው። ሙታኑ በጀርባቸው ተጋድመው፣ አንዳንዶቹ በፊታቸው አጠገብ የሽቶ ዘይት የሚይዝ ትንሽ ማሰሮ ተቀምጦላቸው ነበር። አጽሞቹን ያጠናችው ሼሪ ፎክስ በጦርነት ወይም በጠብ የደረሰ ጉዳት ምልክት እንዳላገኘችባቸው ተናግራለች። እኛ ከልጅነታችን ጎልያድን እየሰማን ያደግን ሰዎች እነዚህን በሽቶ የተቀበሩ ሰዎች ብናውቃቸው መልካም ነበር። ነገር ግን ለሦስት ዓመት በገዛ ከተማችን ምን እንደሚሠራ የነገረን አልነበረም። ተመራማሪዎቹን እወቅሳለሁ። የፈሩት ሐረዲምን ነው፤ የደበቁት ግን ከሁላችንም ነው። በድብቅ የሚሠራ ጥናት እውነት ቢሆንም እንኳ የሌብነት ጥላ ያርፍበታል።

የባርዚላይ ሆስፒታልንስ ማን ይረሳዋል? በ2008 እና ከዚያም ወዲህ ሮኬት በላያችን ሲወርድ የሆስፒታሉ ሐደር ሚዩን መከላከያ አልነበረውም። የተከለለ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ሲጀመር ከመሬቱ የጥንት መቃብር ወጣ። ሐረዲም የአይሁድ መቃብር ነው አሉ። የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን የአረማውያን ነው አለ። በማርች 2010 የሚኒስትሮች ምክር ቤት 11 ለ10 በሆነ ድምፅ ሕንፃው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ብሎ ወሰነ። ይህ ከ100 ሚሊዮን ሸቄል በላይ ተጨማሪ ወጪና የብዙ ጊዜ መዘግየት ነበር። የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ኤይታን ሐይ-ዓም ሥራቸውን ለቀቁ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ውሳኔውን መልሰው በሜይ 2010 በፖሊስ ጥበቃ መቃብሮቹ ተነሡ። ትንሽ ቆይቶ በበሬ ራስ ቅርጽ የተጌጠ የሮማውያን ዘመን የአረማውያን መሠዊያ እዚያው ተገኘ። በኦክቶበር 2023 የዚያው ሆስፒታል ግቢ በሮኬት ሲመታ ያን ክርክር ያላስታወሰ የአሽቀሎን ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ግን የተሳሳተው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። አንደኛው «የአይሁድ ከሆነ ሕንፃው ይቅር» አለ። ሌላኛው «የአረማዊ ከሆነ ምን ቸገረን» አለ። ሁለቱም የሟቹን ክብር በሃይማኖቱ መዘኑት። በኢየሩሳሌም የማሚላ የእስላም መቃብር ላይ ሙዚየም ይሠራ ሲባል፣ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድም፣ ለአሽቀሎን አረማውያን መንገድ የዘጉት ሰዎች አደባባይ ሲሞሉ አላየንም። እኔ የምለው ሕያው ይቅደም ነው። ሕንፃው መሠራት ነበረበት። ከመሬት የሚነሣው ሰው ግን አይሁድ ይሁን እስላም ይሁን አረማዊ፣ ዕድሜው፣ በሽታው፣ አሟሟቱ ተመርምሮ፣ ተጽፎ፣ ከዚያ በክብር ይቀበር።

አሁን ወደ አባታችን ልመለስ። አባባ፣ «አጽም አይነካም» ብለዋል። እውነት ነው፣ በአገራችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። አያቴም እንዲሁ አድርጋለች፤ ከጎጆ ውጭ ስትቀመጥ ምግብ በሩቅ ይቀመጥላት ነበር። ነገር ግን ልብ ብለው ይመልከቱልኝ። ሕጉ ሬሳ የነካ ይነጻል ይላል እንጂ ሬሳ የሚነካ አይኑር አይልም። የሚነካ ከሌለ ማን ይቀብራል? ኦሪትስ ስለ ዮሴፍ ምን ይነግረናል? ዮሴፍ ወንድሞቹን አስምሎ አጥንቱን ከግብፅ እንዲያወጡ አዘዘ፤ ሙሴም በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል ያን አጥንት ፈልጎ ይዞ ወጣ። አጽም ከቦታው ማንሣት ኀጢአት ቢሆን ኖሮ ይህን የሠራው ሙሴ አይሆንም ነበር። ሙሴ ግን የማን አጥንት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

እኛ የማናውቀው ይህን ነው። ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተን በሱዳን በኩል ስንመጣ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን በመንገድና በካምፕ ሞተዋል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እዚያ ቆመን እናለቅሳለን። አጽማቸው ግን እዚያ የለም። እኔ ታናሽ እኅቴን በ1984 በኡም ራኩባ አጥቻለሁ። የቀበሯት ሰዎች ያለ ምልክት፣ ከሌሎች ጋር፣ በሌሊት ነው የቀበሯት፤ አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ሙሾ እንኳ አልወጣላትም። አባባ፣ እርስዎም ሁለት ልጆች እዚያ እንደተዉ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን ያ መሬት ለመንገድ ወይም ለእርሻ ቢቆፈር፣ ወይም ሰላም ወርዶ ልንሄድ ቢፈቀድልን፣ የእርስዎን ልጅ ከሌላው ልጅ የሚለየው ማን ነው? ያው የአጥንት ተመራማሪ ነው። ከጥርሱ ዕድሜውን፣ ከዳሌው ወንድና ሴትነቱን፣ ከጠገነ ስብራት ሕይወቱን፣ ከእርስዎ ምራቅ ከሚወሰድ ዲ ኤን ኤ ጋር አመሳክሮ ልጅነቱን የሚናገር። ሌላ መንገድ የለም።

ይህ ሕልም አይደለም። በኢትዮጵያ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ የአርጀንቲና የአጽም ምርመራ ቡድን አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ በጅምላ ተቀብረው የነበሩ የቀይ ሽብር ዘመን ሰለባዎችን አጽም መርምሯል። እነዚያ አርጀንቲናውያን ሥራውን የተማሩት በገዛ አገራቸው ወታደሮች የጠፉ ልጆችን ለእናቶቻቸው ሲፈልጉ ነው። ከምርመራው የተገኘው ማስረጃ ለፍርድ ቤት ቀርቧል። «የተቀበረ ተቀብሯል» ቢባል ኖሮ የሚደሰተው ገዳዩ ነበር።

«ሙታንን አትረብሹ» የሚለው ቃል በኃያላን አፍም ጥሩ ሆኖ ይገኛል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። ኢትዮጵያ አጽሙን ስትጠይቅ በ2023 የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ እርሱን ማንሣት በአጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች ብዙ ሰዎች ዕረፍት ይነካል የሚል ነበር። ሕፃኑን ከእናት አገሩ ሲያነሡት የማን ዕረፍት እንደታሰበ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ከእነርሱ መካከል ልጄም አለች። «አባዬ፣ ደምና አጥንት ይመርመር የምትለው አንተ ነህ? በእኛ ላይ የሠሩትን ረሳኸው?» ትለኛለች። አልረሳሁም። በ1985 ራባኑት አይሁድነታችንን ተጠራጥሮ ጥምቀት ሲጠይቀን፣ ኢየሩሳሌም በራባኑት ሕንፃ ፊት ለሳምንታት ከተቀመጡት ውስጥ ነበርኩ። በጃንዋሪ 1996 ማጌን ዳቪድ አዶም የሰጠነውን ደም በድብቅ ሲጥል መኖሩ በጋዜጣ ሲወጣም ከሺዎቹ ጋር በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ቆሜ ዓይኔ በጭስ ተቃጥሏል። ደማችንን ሳይመረምሩ ደፉት እኮ! በደላቸው ይኼ ነበር። እያንዳንዱን ከረጢት እንደማንም ሰው ደም መርምረው ቢሆን ኖሮ በቆዳችን ቀለም ባልፈረዱ ነበር።

ምርመራ ግን ለፖለቲካ ሲውል አደገኛ መሆኑን አልክድም። በጁላይ 2019 ከአሽቀሎን የተወሰዱ የ10 ጥንታዊ ሰዎች የዲ ኤን ኤ ጥናት ታተመ። ከእነርሱ አራቱ ከ3,000 ዓመት በፊት በቤት ወለል ሥር የተቀበሩ ሕፃናት ናቸው። በእነዚህ ሕፃናት ውስጥ ከደቡብ አውሮፓ ወገን የመጣ ዘር ተገኘ። ወዲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ በትዊተር ዛሬ በዚህ ምድር ላይ ማን መብት አለው ለሚለው ክርክር መሣሪያ አደረጉት። ጥናቱ ግን ሌላም ነገር ብሎ ነበር። ያ ከባሕር ማዶ የመጣው ዘር ሁለት መቶ ዓመት ሳይሞላ ከአገሬው ጋር ተቀላቅሎ ሊለይ እስከማይችል ድረስ ጠፋ። በባሕር መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ የአሽቀሎን ሰዎች ሆኑ። ይህን ክፍል ትዊት ያደረገ ባለሥልጣን የለም። እኛ ግን ዖሊም ስለሆንን ያ ክፍል ይገባናል።

ተመራማሪም ይሳሳታል። በጋሞ ደጋ ሞታ ከሚባል ዋሻ (ከጎጃሙ ሞጣ ጋር አይምታታ) የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው አጽም በ2012 ወጣ። ወደ ዋሻው የመሯቸው የአካባቢው ሽማግሌዎች ነበሩ። ስሙንም ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኩር እንደማለት ነው። ከጆሮው ሥር ካለው ጠንካራ አጥንት የተወሰደው ዲ ኤን ኤ በ2015 ሲታተም ተመራማሪዎቹ ስለ መላው አፍሪካ ትልቅ ነገር ተናገሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን በኮምፒዩተር ሥራው ላይ ስሕተት እንደነበረ ራሳቸው አምነው አረሙት። ሊታረም የቻለው ሁሉ ነገር በግልጽ ቀርቦ ሌሎች ሊያዩት ስለቻሉ ነው። እኔ የምፈልገው ምርመራ እንዲህ ያለ ነው፤ ሽማግሌ የሚመራው፣ ስም የሚሰጥ፣ ስሕተቱን በአደባባይ የሚያርም።

ስለዚህ ለክኔሴት አባላትም፣ ለከተማችን ምክር ቤትም፣ ለራሳችን ድርጅቶችም የምለው ይህ ነው። የ1994ቱ ውሳኔ የአማካሪ ትርጓሜ እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ተከራክረው ያወጡት ሕግ አይደለም፤ በግልጽ ሕግ ይተካ። ከመሬት የወጣ አጽም ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሦስት ዓመት፣ በባለሙያ እጅ ይቆይና ይመርመር። ጊዜው ሲያልቅ የማንም ይሁን የማን በክብር ይቀበር፤ የተቀበረበትም ቦታና የተገኘው ውጤት ይጻፍ። አሁን በየት እንደሚቀበሩ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ቁፋሮ ሲጀመር ለሰፈሩ ነዋሪ በሚያነበው ቋንቋ፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም በሩሲያኛም፣ ይነገረው። ከሕያው ሰው ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሚውል ተነግሮት፣ ፈርሞ፣ እምቢ የማለት መብቱ ተጠብቆ ይሁን።

ለድርጅቶቻችን የምጨምረው አንድ ነገር አለ። በሱዳን ልጅ፣ ወላጅ ወይም ወንድም ያጡ አዛውንቶች በየዓመቱ እያለፉ ነው። ማን የት እንደተቀበረ፣ ስንት ዓመቱ እንደነበረ፣ ጥርሱ ወይም እጁ ተሰብሮ እንደነበረ፣ በአንገቱ ምን እንዳሰረ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው። ይህ ቃላቸው አሁኑኑ ተጽፎ ይቀመጥ፤ የሚፈቅዱትም የምራቅ ናሙናቸው በታመነ ቦታ ይጠበቅ። ለዚህ የሱዳን መንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም። እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል። በገንዘብ እጥረት እያሳበብን ስንት ሽማግሌ ቀበርን?

ለዚያም ወጣት፦ ወንድሜ፣ ማሽካንታው እኔንም ያስጨንቀኛል። ከልጆቻችን አንዷ ግን አናቶሚና አርኪዮሎጂ ተምራ ያን አጥንት በእጇ ብትይዝ፣ ስለ እኛ ሌሎች ከሚጽፉት ይልቅ እርሷ የምትጽፈውን ባነብ እመርጣለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ጉዳይ ከአጀንዳው የመጀመሪያው እንዲሆን ጠይቄአለሁ። አባታችን እንዲመጡልኝ ቤታቸው ሄጄ ለምኛቸዋለሁ፤ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ቡና አፍልተው ነው ያስተናገዱኝ። የልጆቻቸውን ስምና ዕድሜ በደብተሬ አስጽፈውኛል። ያ ወጣት መኪና ስላለው በዕለቱ እርሱ ያመጣቸዋል።